የወርቅ ዓሣ ሲታመም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የወርቅ ዓሣው የታመመበት ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ «ምን መድኃኒት ልስጠው?» ጥያቄው ከተራው ቀድሞ የመጣ ነው። የታመመ ዓሣ የሚያሳያቸው ምልክቶች ጥቂት ናቸው፤ መብላት ያቆማል፣ ክንፎቹን ከገላው ጋር ያጣብቃል፣ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ወይም ከላይ ተንሳፍፎ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። እነዚህን ጥቂት ምልክቶች የሚጋሯቸው መንስኤዎች ግን ብዙ ናቸው። ምልክት አይቶ የበሽታ ስም መስጠት፣ ስሙን ይዞ ጠርሙስ መግዛት ከበሽታው ባልተናነሰ ዓሣ ይገድላል። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይላል ተረቱ፤ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ለሚኖር ዓሣ ግን የአብዛኛው ሕመም መነሻ ውሃው ነው።

«ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ችግሩ ከውሃው አይደለም»

ከስሕተቶቹ ሁሉ ብዙ ዓሣ የፈጀው ይህ ነው። ዓሣ በስንጥቡ (ውሃ ውስጥ በሚተነፍስበት አካል) በኩል አሞኒያ የተባለ መርዛማ ቆሻሻ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብና ኩስ ሲበሰብስም አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ቀለም የለውም፤ ዓሣን በሚጎዳበት አነስተኛ መጠን ለሰው አፍንጫም አይታወቅም። በደህና ገንዳ ውስጥ በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ባክቴሪያዎቹ በአዲስ ገንዳ ውስጥ በበቂ ቁጥር ለመራባት አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ። እስከዚያው ዓሣው የሚኖረው በራሱ ሽንት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። በተገዛ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ሲሞት «ድሮም በሽተኛ ነበር» ተብሎ ሻጩ ይታማል፤ ሻጩ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ ቢኖርም በአብዛኛው ግን ገዳዩ አዲሱ ገንዳ ነው።

አሞኒያ ስንጥብን ያቃጥላል፤ ክንፍ ላይም ቀያይ የደም መስመሮች ሊያወጣ ይችላል። ናይትራይት ደግሞ ወደ ደም ገብቶ ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ስንጥቡ ቡናማ ይሆናል፣ ዓሣው ኦክስጅን በሞላበት ውሃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ የምርመራው መጀመሪያ ዓሣውን ሳይሆን ውሃውን መለካት ነው። በጠብታ የሚሠሩ መለኪያዎች አሉ፤ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች ሊሆኑ ይገባል። መለኪያ ያላገኘ ሰው ከውሃው ሲሶ ያህሉን ክሎሪኑ በወጣለትና በሙቀቱ ተመሳሳይ በሆነ ውሃ ይተካ፤ በማግሥቱም ይድገመው። ዓሣው በሰዓታት ወይም በአንድ ቀን ውስጥ ከተነቃቃ መልሱ ተገኝቷል፤ አንድም ጠብታ መድኃኒት አልባከነም።

«እንግዲያውስ ውሃውን ሁሉ ደፍቼ ገንዳውን በሳሙና ልጠብ»

አይሆንም። ከላይ የጠቀስናቸው ባክቴሪያዎች አብረው ይታጠባሉ፤ ገንዳው እንደገና አዲስ ይሆናል፣ የሳምንታቱ ቆጠራም ከዜሮ ይጀምራል። የሙቀትና የአሲድነት ድንገተኛ ለውጥም በራሱ የተዳከመ ዓሣ ይጨርሳል። ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን በሰፊ ባልዲ ለ24 ሰዓት ክፍት ሆኖ ቢቀመጥ ይተንናል። በዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ አንባቢዎች ግን በዚህ አትመኑ፤ የከተማው ውሃ ከ2000 ጀምሮ በአብዛኛው የሚታከመው በክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ) ነው፣ እሱም በማሳደር አይወጣም፤ ለዚሁ የተዘጋጀ የውሃ ማስተካከያ ያስፈልጋል።

«ላይ ወጥቶ አፉን የሚከፍተው ርቦት ነው»

የተራበና የታፈነ ዓሣ ይለያሉ። ምግብ የለመደ ዓሣ ሰው ሲጠጋ ወደ ላይ ይመጣል፣ ሰው ሲርቅ ይመለሳል። የታፈነው ሰው ኖረም አልኖረም እዚያው ተንጠልጥሎ ይውላል፤ የስንጥቡ ክዳንም በፍጥነት ይርገበገባል። ለዚህኛው ምግብ መጨመር ውሃውን ይበልጥ ማበላሸት ነው።

ከፍታ ላይ የምንኖር ሰዎች ልናስብበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው በሩብ ያህል ያንሳል፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ የሚሟሟው አዲስ አበባ ላይ ወደ 7 ዝቅ ይላል። በዚህ ላይ ዓሣው የሚኖረው አፉ በጠበበ ክብ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ሲሆን አስቡት። የውጭ መመሪያዎች «የአየር ፓምፕ እንደ ፍላጎታችሁ» ሲሉ የሚጽፉት ለእኛ ከፍታ አይደለም። በነገራችን ላይ የወርቅ ዓሣ በቀላሉ የሚሸነፍ ፍጥረት አይደለም፤ ኦክስጅን በሌለበት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ላቲክ አሲዱን ወደ አልኮል ለውጦ በስንጥቡ እያስወጣ ለቀናት መቆየት ይችላል። እንዲህ ያለ ዓሣ አየር ፍለጋ ላይ ከወጣ ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው።

«ነጭ ነጥብ ካየሁ በሽታው ታውቋል»

እንደ ቦታው ነው። በመላ ገላውና በክንፎቹ ላይ እንደ ጨው ቅንጣት ተበትኖ፣ ዓሣውም ገላውን በጠጠር ላይ የሚፈትግ ከሆነ የነጭ ነጥብ በሽታ መሆኑ ያስኬዳል። ነጥቦቹ በስንጥብ ክዳንና በፊተኛው የጎን ክንፍ ጠርዝ ላይ ብቻ ተሰልፈው ዓሣው ግን እየበላና እየዋኘ ከሆነ ወንድ ነው፤ የመራቢያ ወቅቱ ደርሷል። ለዚህ ጤነኛ ጎረምሳ መድኃኒት የሚያፈሱለት ባለቤቶች ጥቂት አይደሉም።

እውነተኛው ነጭ ነጥብ የጥገኛ ተሕዋስ ሥራ ነው። ተሕዋሱ ከቆዳው ሥር እየበላ ያድጋል፣ ከዚያ ወድቆ በገንዳው ወለል ላይ በመቶዎች ይከፋፈላል፣ ልጆቹም ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። መድኃኒት የሚያገኘው እነዚህን ዋናተኞች ብቻ ነው፤ ከቆዳ ሥር ያለውን አይደርስበትም። ነጥቡ ጠፋ ብሎ በሦስተኛው ቀን ሕክምናውን ያቋረጠ ሰው በሽታውን የተወው መንገድ ላይ ነው። ዑደቱ 25 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ውሃ በሳምንት ገደማ ይጠናቀቃል፤ በቀዘቀዘ ውሃ ግን ሳምንታት ይፈጃል።

«እንደ ጥጥ ያለው ሁሉ ፈንገስ ነው»

ኮሉምናሪስ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ በአፍና በክንፍ ጠርዝ ላይ ፈንገስ የሚመስል ነጭ ወይም ግራጫ ሽፋን ያወጣል። የፈንገስ መድኃኒት ለእሱ ላይሠራ ይችላል፤ በሽታው ደግሞ ፈጣን ነው። ሁለቱን በእርግጠኝነት የሚለየው ማይክሮስኮፕ ነው።

«ተገልብጦ የሚዋኝ ዓሣ የአየር ከረጢቱ ታሟል፤ አተር ይብላ»

አተር የዚህ ዘርፍ ጸበል ሆኗል። የወርቅ ዓሣ በውሃ ውስጥ ሚዛኑን የሚጠብቅበት የአየር ከረጢት ባለ ሁለት ክፍል ሲሆን ከምግብ ቧንቧው ጋር በቀጭን ቱቦ ይገናኛል። ሚዛኑ የሚዛባው በሆድ ድርቀት፣ ከላይ ሲበላ በዋጠው አየር፣ በባክቴሪያ፣ በዕጢ፣ በሆድ ውስጥ በተጠራቀመ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። «የአየር ከረጢት በሽታ» የሚባለው እንግዲህ የእነዚህ ሁሉ የጋራ ምልክት ነው። ኦራንዳና ራንቹን የመሳሰሉት ድቡልቡል ዝርያዎች ደግሞ የሰው ምርጫ አካላቸውን ስላሳጠረው የውስጥ ክፍሎቻቸው የተጨናነቁ ናቸው፤ ከረዘሙት ዘመዶቻቸው ይልቅ ይህ ችግር ያገኛቸዋል።

አንድ ሁለት ቀን ማስጾም፣ ከዚያም የተቀቀለና የተላጠ አተር መስጠት ለድርቀት ይረዳል፤ ጉዳትም የለውም። በሳምንት ውስጥ ለውጥ ከሌለ ግን ነገሩ ድርቀት አልነበረም፤ ከረጢቱ የት እንዳለና ምን እንደ ሞላው የሚያሳየው ራጅ ነው። ደኅና እየበላ ለዓመታት አዘንብሎ የሚኖር ዓሣም አለ፤ እሱን ለማቃናት ሲባል መድኃኒት ማፈራረቅ ግፍ ነው።

«ሆዱ ያበጠ ሁሉ ድኖ አይተርፍም»

መጀመሪያ ከላይ ቁልቁል እዩት። ቅርፊቶቹ እንደ ጽድ ፍሬ ከቆሙ በአካሉ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟል። የጨው አልባ ውሃ ዓሣ ገላው ያለማቋረጥ ውሃ ይስባል፣ ኩላሊቱ ያስወጣል፤ ኩላሊት ወይም ስንጥብ ሲታወክ ውሃው ይከማቻል። ይህ የበሽታ ስም ሳይሆን አንድ የአካል ክፍል ሥራውን ማቆሙን የሚናገር ምልክት ነው፤ እዚህ ደረጃ ላይ ከደረሰ የመዳን ዕድሉ በእርግጥ ጠባብ ነው። ቅርፊቱ ሳይቆም ሆዱ ብቻ፣ ይልቁንም ወደ አንድ ጎን ከፋፋ ግን እንቁላል ያዘለች ሴት ልትሆን ትችላለች።

«ጨው ሁሉንም ያድናል፤ ካልሆነ የሰው ካፕሱል አለ»

ጨው በእርግጥ ይጠቅማል። በሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም ሲደረግ በውስጡ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ይሻማዋል፤ አንዳንድ የቆዳ ጥገኞችንም ያዳክማል። ደም ውስጥ ለገባ ባክቴሪያ ግን ምንም አያደርግም። ጨው እንደማይተንም አትርሱ፤ ውሃው ተንኖ ሲጎድል ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው የሚሞላው።

ካፕሱሉ ግን የበለጠ ያሳስበኛል። ቴትራሳይክሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ ካልሲየምና ማግኒዚየም በበዛበት (ጠንካራ በሚባለው) ውሃ ውስጥ ከካልሲየምና ከማግኒዚየም ጋር ተሳስሮ ኃይሉን ያጣል፣ ብርሃንም ያበላሸዋል። ውሃ ውስጥ የሚጨመር ፀረ ባክቴሪያ የማጣሪያውን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሊጎዳና አሞኒያውን መልሶ ሊያመጣ ይችላል። ከዚያ የተደፋው ውሃ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ይዞ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል።

«ቀለሙ ከተለወጠ ታሟል»

በአብዛኛው አይደለም። የወርቅ ዓሣ ሲፈለፈል ቡናማ አረንጓዴ ነው፤ ወርቃማው ቀለም በኋላ ይመጣል፣ ሲያረጅ የሚነጣም አለ። ድንገት የሚወጣ ጥቁር ንጣፍ ብዙ ጊዜ የአሞኒያ ቃጠሎ እየዳነ መሆኑን ያሳያል፤ ሰው የሚደነግጠው አደጋው ካለፈ በኋላ ነው። የሚያሳስበው የስንጥብ መገርጣት ነው።

«ዕድሜው አጭር ነው፤ ጊዜው ደርሶ ነው»

ቲሽ የተባለው የእንግሊዝ የወርቅ ዓሣ በ1956 በአንድ ትርዒት ላይ ለአሸናፊ ሽልማት ሆኖ ተሰጥቶ በ1999 በ43 ዓመቱ ሞተ። ከ10 ዓመት በላይ መኖር ለደህና ገንዳ ብርቅ አይደለም። በሁለት ዓመቱ የሞተ ዓሣ ሞት ምክንያት አለው።

«የዓሣ በሽታ ሰው አይነካም»

አብዛኛው አይነካም። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለው ባክቴሪያ ግን በተጫረ እጅ በኩል ገብቶ የማይድን የሚመስል እብጠትና ቁስል ያወጣል፤ ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ስለሚመጣ ሐኪሙ ካልተነገረው ገንዳውን አያስበውም። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ጓንት ያድርግ። ምክንያቱ ሳይታወቅ እየከሳና ጀርባው እየጎበጠ የሚሄድ ዓሣ ካለ ጥንቃቄው ይጥበቅ።

«ከሞተ በኋላ ምርመራ የለም»

አለ፤ ግን መቸኮልን ይጠይቃል። የስንጥብ ትሎችንና ሌሎች የማይታዩ ጥገኞችን የእንስሳት ሐኪም የሚያገኛቸው ከቆዳና ከስንጥብ ላይ ጥቂት ልጋግ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ነው፤ ዓሣው ከሞተ ደግሞ ብዙዎቹ ጥለውት ይሄዳሉ። ስለዚህ የታመመውን በሕይወቱ እያለ መውሰድ ይበልጣል፤ የገንዳውን ውሃም በሌላ ንጹሕ ጠርሙስ ለብቻው ይያዙ። ከሞተ በፌስታል ጠቅልሎ በረዶ ላይ ወይም ማቀዝቀዣ ውስጥ በማኖር በሰዓታት ውስጥ ማድረስ ያስፈልጋል። ፍሪዘር ውስጥ አይግባ፤ በረዶው ሕዋሳቱን ስለሚሰባብራቸው መርማሪው የሚያየው ይበላሽበታል።