ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም

ባለፈው አራት ኪሎ ከሐውልቱ ፈንጠር ብላ ያለች ካፌ ማኪያቶ ይዘን ስለ እንግሊዝ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ስንጨቃጨቅ (አዎ፣ የራሳችን አላንስ ብሎን) ስለ ቀድሞዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ሲነሳ አንዱ ጓደኛችን ይቺን አባባል ወርውሮ አፋችንን ዘጋን።

ብዙ ጊዜ የምንላት ለስግብግብ ነው፣ ሁለት ስራ ሁለት ፍቅረኛ ምናምን ለሚያምረው ሰው። ግን እስቲ ዛፉን አስቡት። ሾላ ሊለቅም የወጣ ልጅ አንድ እግሩን እዚህ ቅርንጫፍ አንዱን እዚያ ያደርጋል፣ ምንም አይሆንም፣ ግንዱ አንድ ስለሆነ ነፋስ ሲመጣ አብሮ ነው የሚወዛወዘው። ሁለት ዛፍ ከሆነ ግን እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ የሚሰነጠቀው መሀል ያለው ነው። ስለዚህ ተረቱ እግር ከመቁጠር ይልቅ ግንድ መቁጠር ይመስለኛል።

እንግሊዞቹም የተሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ካሜሮን የፓርቲው ለዘብተኛና ከአውሮፓ ህብረት እንውጣ ባዩ አክራሪ የአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ መስሎት አክራሪዎቹን ዝም ለማሰኘት እ.ኤ.አ. በ2013 እንውጣ አንውጣ የሚል ሪፈረንደም (ሕዝበ ውሳኔ) እሰጣችኋለሁ አለ፣ በ2016 51.9 በመቶው ከአውሮፓ ህብረት እንውጣ ሲል ስልጣኑን ለቀቀ። እሱን የተካችው ሜይ ደግሞ እንውጣ ግን ብዙ አንራቅ ብላ ሁለቱንም ልትይዝ ሞከረች፣ ጃንዋሪ 2019 የመውጫ ስምምነቷ ፓርላማ ገብቶ 432 ለ 202 ተሸነፈ፣ ከተቃወሟት ውስጥ 118ቱ የራሷው ፓርቲ ሰዎች ናቸው በቃ ምን ልበላችሁ።

ከሜይ ቀጥሎ የመጣው ቦሪስ ጆንሰን አንድ ዛፍ መረጠ፣ የአክራሪዎቹን። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በዚህ ጉዳይ ድምፅ የነፈጉትን 21 የራሱን የፓርላማ አባላት ከቡድኑ አባረረ፣ የቀድሞው የገንዘብ ሚኒስትር ኬኔት ክላርክ አለበት፣ የቸርችል የልጅ ልጅ ሳይቀር (እንዴ፣ ከቸርችል ዘር በላይ ወግ አጥባቂ ከየት ይመጣል?)። አስሩን በኋላ መለሳቸው፣ ዲሴምበር ላይ በምርጫ 365 ወንበር አሸነፈ፣ ተረቱ ሰራ ማለት ነው።

ችግሩ በ2024 ምርጫ 121 ወንበር ብቻ ቀራቸው፣ አክራሪው መራጭ ሪፎርም ወደሚባለው ፓርቲ ለዘብተኛው ወደ ሊበራል ዲሞክራት ፓርቲ ሄደባቸው። ይሄኔ ሌላኛው ጓደኛችን "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" የሚለውን አመጣ፣ ተረት በተረት ሆነ። የዛፏን ተረት ያመጣውን ጓደኛችንን "እሺ ሜይ የትኛው ዛፍ ላይ ትውጣ ነበር?" ስንለው ሂሳቡን ለኛ ትቶ ተነሳ።