ስኖውሞቢል ሙቀት ሲያበዛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ ሚኒሶታ ዊንተሩ ረጅም ነው። ለስኖውሞቢል (በበረዶ ላይ ለሚነዳው ባለ ሞተር ማሽን) የተዘጋጀው መንገድ፣ ማለትም ትሬል፣ ደግሞ ከ35,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስኖውሞቢል ሠሪው ፖላሪስ የተመሠረተው ሮዞ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፣ ሌላው ሠሪ አርክቲክ ካት ደግሞ ቲፍ ሪቨር ፎልስ፤ ሁለቱም እዚሁ ስቴት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ያገለገለ ስኖውሞቢል ማግኘት አይከብድም፣ ከእኛም ልጆች ገዝተው የሚወጡ አሉ። ጣጣው የሚጀምረው የሙቀት መብራቱ ሲበራ ነው። ያኔ ሁሉም መካኒክ ይሆናል። ራዲያተር ጨምር፣ ቴርሞስታቱን ንቀለው፣ ኩላንቱን (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ) ውሃ ሳትቀላቅል ሙላው… አብዛኛው ምክር ከመኪና የመጣ ነው። የስኖውሞቢል ማቀዝቀዣ ግን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፣ ይሄን ባለማወቅ ደህና ሞተር ሲበላሽ ማየት ያናድዳል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«በዚህ ብርድ ሞተር እንዴት ይሞቃል?»

ይሞቃል፣ ያውም ክፉኛ። በኩላንት የሚቀዘቅዙት አብዛኞቹ ስኖውሞቢሎች እንደ መኪና ከፊት የተገጠመ ራዲያተር የላቸውም። ኩላንቱ የሚዞረው ከመቀመጫውና ከእግር ማስቀመጫው ስር በተገጠሙ የአልሙኒየም ኩለሮች ውስጥ ነው። ከስር የሚሽከረከረው ሰፊ የላስቲክ ትራክ በረዶ እያነሳ ወደ ላይ ይረጫል፣ በረዶው ኩለሩ ላይ ያርፋል፣ ይቀልጣል፣ ሙቀቱን ይዞ ይወርዳል። ሥራውን የሚሠራው በረዶው ነው፤ የአየሩ ድርሻ ትንሽ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ልንገራችሁ። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ያለ አንድ ኪሎ በረዶ ቀልጦ ውሃ እስኪሆን ድረስ 355 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። አንድ ኪሎ አየር በ30 ዲግሪ ቢሞቅ የሚወስደው ግን 30 ኪሎ ጁል አካባቢ ብቻ ነው። ከአስር እጥፍ በላይ ማለት ነው።

አሁን ሐይቅ ላይ ነን እንበል። ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ነው፣ ነፋሱ በረዶውን ጠራርጎ ወስዶታል፣ የቀረው ወለል እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ግግር ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ትበራላችሁ፣ ግን ትራኩ የሚረጨው ነገር የለውም። መብራቱ ከበራ ሞተሩን አጥፉና ከኋላ ጎንበስ ብላችሁ ኩለሩን እዩት። በደንብ ሲሠራ የነበረ ኩለር እርጥብ ነው፣ ግማሽ የቀለጠ በረዶ ተለጥፎበት ውሃ ይንጠባጠባል። ደረቅ ከሆነ ምክንያቱን አገኛችሁት። ለዚህ ነው ጠዋት ላይ በጠጠረ ትሬል የሞቀው ስኖውሞቢል፣ ከሰዓት አዲስ በረዶ ሲጥል ምንም የማይሆነው።

«መፍትሔው ትልቅ ራዲያተር መግጠም ነው»

አንዳንዴ እውነት ነው፣ ግን የመጀመሪያው እርምጃ እሱ አይደለም። መጀመሪያ ስክራቸር ግጠሙ። ከትራኩ ውስጥ ባሉት ሁለት ረጃጅም ሐዲዶች ላይ የሚታሰር ቀጭን የብረት ሽቦ ነው፣ ጫፉ መሬቱን እየቧጨረ የበረዶ ብናኝ ወደ ትራኩና ወደ ኩለሩ ይልካል። ከማንኛውም የራዲያተር ኪት ጋር ሲነጻጸር ዋጋው በጣም ትንሽ ነው፣ ለመግጠምም መሰርሰሪያና ትንሽ ጊዜ ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ ጠንካራውን ዓይነት ከገጠማችሁ ወደ ኋላ ከመሄዳችሁ በፊት ማንሳት አለባችሁ፣ አለበለዚያ ይታጠፋል ወይም ይሰበራል። በገመድ የተሠራው ዓይነት ግን ወደ ኋላ ሲኬድ ራሱ ይተጣጠፋል፣ ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ።

ስክራቸርን አጥብቄ የምመክረው ለሞተሩ ብቻ ብዬ አይደለም። እነዚያ ሐዲዶች ከስራቸው ሃይፋክስ የሚባል የፕላስቲክ ስላይድ አላቸው፣ የትራኩ የብረት ክሊፖች በእሱ ላይ እየተንሸራተቱ ያልፋሉ። ስላይዱን የሚያለሰልሰውም የሚያቀዘቅዘውም ያው በረዶ ነው። በረዶ ከጠፋ ፕላስቲኩ ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ ክሊፖቹ ላይ ይለጠፋል። የፈለጋችሁትን የሚያህል ራዲያተር ከፊት ብትገጥሙ ሞተሩ ይቀዘቅዝ ይሆናል፣ ስላይዱ ግን ከስር መቅለጡን አይተውም፤ ይባስ ብሎ መብራት ስለማይበራ ነገሩን የምታውቁት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸታችሁ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከኋላ የሚንጠለጠለው የላስቲክ መከለያ ነው። ለውበት ብለው የሚቆርጡት ሰዎች አሉ። እባካችሁ አትቁረጡት! ትራኩ ወደ ኋላ የሚወረውረውን በረዶ መልሶ ወደ ኋለኛው ኩለር የሚልከው እሱ ነው። የተቆረጠ ከገዛችሁ ሙሉውን መልሱለት፣ ሙቀቱ በዚህ ብቻ የሚስተካከልበት ጊዜ አለ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከሞቀ ያኔ ስለ ማሻሻል እናውራ። በተለይ የተራራ ስኖውሞቢል ገዝታችሁ ትሬል ላይ የምትነዱት ከሆነ። እነዚህ ለጥልቅ ለስላሳ በረዶ የተሠሩ ናቸው፣ ክብደት ለመቀነስ ሲባል ኩለራቸው አጭር ነው፣ የኋላ መከለያቸውም እንዲሁ። ተጨማሪ የኋላ ኩለር መግጠም፣ ወይም ፋን ያለው ትንሽ ራዲያተር ከፊት ማስገባት ለእነሱ ትርጉም አለው። ተርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ለተጨመረበት ሞተርም እንደዚያው። ራዲያተሩን ስትመርጡ ግን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ፋኑ የሚፈልገውን ኤሌክትሪክ የሞተሩ ጄነሬተር ይችለዋል ወይ፣ አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ አለው ወይ፣ በረዶ ፊቱን ደፍኖ አይዘጋውም ወይ። ትራኩ ላይ ችካል (ግግር ላይ እንዳይንሸራተት የሚገጠም ሹል ብረት) ካለ ደግሞ የምትጨምሩት ኩለር መከላከያ ይኑረው፣ ካልሆነ ችካሉ ይበሳዋል።

«ቴርሞስታቱን ነቅለህ ጣለው»

ይሄ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። ብዙ ጋራዥ መኪና ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ይነቀላል፣ «ለሞቃት አገር አያስፈልግም» ይባላል። እዚያም ትክክል አይደለም፣ እዚህ ግን ሞተር ይገድላል።

የቱ ስትሮክ ስኖውሞቢል ቴርሞስታት ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ከ40 እስከ 50 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከመኪናው በጣም ዝቅ ይላል። እስኪከፈት ድረስ ኩለሮቹ ውስጥ ያለው በረዷማ ኩላንት በአንዴ ሞተሩ ላይ እንዳይለቀቅ ይይዘዋል። ከነቀላችሁት ምን ይሆናል? ፒስተኑ እሳቱን በቀጥታ ስለሚያገኝ ቶሎ ይሞቃል፣ ይለጠጣል። ሲሊንደሩ ግን በቀዝቃዛ ኩላንት ተከቦ እንደተኮማተረ ይቆያል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ያህል ነው። ጋዝ ሲሰጠው ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል። ሙቀትን ፈርተን የነቀልነው ነገር ሞተሩን በቅዝቃዜ አበላሸው ማለት ነው።

ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ፈትኑት። ምግብ የማይሠራበት ድስት ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ፣ ቴርሞሜትር ጨምራችሁ አሙቁት። በሚከፈትበት ዲግሪ ዓይናችሁ እያየ ይከፈታል። ካልተከፈተ አዲስ ግዙ፣ ውድ ዕቃ አይደለም።

«ኩላንቱን ውሃ ሳትቀላቅል ብትሞላው ይሻላል»

የብዙው ኩላንት ዋና ንጥረ ነገር ኤቲሊን ግላይኮል ነው፤ ንጹሁ የሚረጋው ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ አካባቢ ነው። እኩል በእኩል ከውሃ ጋር ሲደባለቅ ግን እስከ ከዜሮ በታች 37 ድረስ ይቋቋማል። ሙቀት በመሸከምም ውሃ ይበልጠዋል። ስለዚህ ሳይቀላቅል የሞላ ሰው በሁለቱም በኩል ከሰረ። የቧንቧ ውሃ ሳይሆን የተጣራውን (ዲስቲልድ) ተጠቀሙ፣ በብርቱው ብርድ ወደ ሰሜን የምትሄዱ ከሆነ 60 በመቶ ኩላንት 40 በመቶ ውሃ አድርጉት። ኩላንት መርዝ ነው፣ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል፤ የፈሰሰውን ወዲያው ጥረጉ።

«ሞልቼዋለሁ፣ በቃ አለቀ»

አላለቀም። አዲስ ኩለር ወይም ጎማ ቱቦ ሲገጠም ውስጥ አየር ይቀራል። አየር ባለበት ኩላንት አይዞርም፣ የሙቀት ንባቡም ከፍ ዝቅ ይላል። የማሽኑን መመሪያ አይታችሁ እሱ የሚለውን ጫፍ ከፍ አድርጉ፣ የአየር ማስወጫ ብሎኑን ፍቱ፣ አረፋ የሌለው ኩላንት እስኪወጣ ጠብቁና እሰሩት። ማሻሻያው አልሠራም የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ስለተዘለለ ነው።

«መብራቱ ከበራ ያው ማጥፋት ነው»

እንፋሎት ካያችሁ ወይም ኩላንት ከፈሰሰ፣ አዎ፣ ወዲያው አጥፉ። ምንም ካልፈሰሰና ለስላሳ በረዶ አጠገባችሁ ካለ ግን ፍጥነት ቀንሳችሁ እሱ ላይ ንዱ፣ ንባቡ ቶሎ ይወርዳል። ካልወረደ ያኔ አጥፉ። ለስላሳ በረዶ ፍለጋ ብላችሁ ግን ከትሬል አትውጡ፤ ብዙው ትሬል የሚያልፈው ባለቤቶቹ በፈቀዱት የግል መሬት ላይ ነው፣ አንድ ሰው ሲያጠፋ መንገዱ ለሁሉም ይዘጋል። ሐይቅ ላይም ከሆናችሁ በረዶ የተከመረበት ቦታ ከስሩ ያለው ግግር ስስ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ የኩላንቱን ክዳን አትክፈቱ፣ በግፊት የታመቀ ኩላንት ፊት ላይ ይፈነዳል።

«የእኔ ባለ ፋን ነው፣ በረዶ አያስፈልገውም»

ባለ ፋን የሚባለው በኩላንት ፈንታ ፋን በሚነፋው አየር የሚቀዘቅዘው ነው። አባባሉ ለሞተሩ እውነት ነው፣ ለስላይዱ ግን አይደለም፤ እሱ አሁንም በረዶ ይፈልጋል። ፋኑን የሚያዞረው ቺንጋ እንዳልላላ ወይም እንዳልተሰነጠቀ እዩ። በጋውን ጋራዥ ውስጥ ከርሞ ከሆነ ደግሞ ከማስነሳታችሁ በፊት የማቀዝቀዣውን ሽፋን ፍቱት፣ አይጥ እዚያ ውስጥ ጎጆ መሥራት ትወዳለች።