የተማሪን የፈጠራ ችሎታ በራሱ አንደበት መለካት፦ ከሐረርና ከድሬዳዋ ሲታይ

የተማሪን የፈጠራ ችሎታ ለመለካት አንዱ መንገድ ሥራ ሰጥቶ ውጤቱን ማረም ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ቶራንስ በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ፈተና የዚህ ወገን ነው፤ ተማሪው የተጀመረ ሥዕል ይጨርሳል፣ ለተለመደ ዕቃ ያልተለመደ አገልግሎት ይፈልጋል። እርማቱ ግን የሠለጠነ ሰውና ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ሌላው መንገድ ተማሪውን ራሱን መጠየቅ ነው። መጠይቁ ታድሎ በአንድ ክፍለ ጊዜ ተሞልቶ ይሰበሰባል፤ ተመራማሪዎች የሚወዱትም ለዚሁ ነው።

መጠይቆቹ የሚጠይቁት ይለያያል። ሃሪሰን ጎህ በ1979 ያዘጋጀው 30 ቅጽሎችን ዘርዝሮ «እኔን ይገልጻል» የሚባሉትን ያስመርጣል፤ 18ቱ ነጥብ ይጨምራሉ፣ 12ቱ ይቀንሳሉ። በ2005 የወጣው የሼሊ ካርሰንና የባልደረቦቿ መጠይቅ በ10 ዘርፎች የተገኘ ስኬትን ይቆጥራል፤ ገና ምንም ያላሳተመና ያልተሸለመ ተማሪ ዜሮ አጠገብ ይቀራል። የጄምስ ካፍማን የ2012 መለኪያ በ50 ጥያቄዎች ዕለታዊ ኑሮን፣ ትምህርትን፣ ክዋኔን፣ ሜካኒክና ሳይንስን እንዲሁም ሥነ ጥበብን ለየብቻ ይመዝናል።

ካፍማን መላሹን በዕድሜና በኑሮ ልምድ ከሚመስሉት ሰዎች ጋር ራሱን እንዲያወዳድር ይጠይቀዋል። ችግሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በሐረር የጁገል ግንብ ውስጥ ያደገች፣ በወስፌ አክርማና አለላ እያዋደደች ንድፍ የምታወጣ ልጅን አስቡ። የሐረሪ ቤት ግድግዳ በስፌት የተሞላ ነው፤ እናቷም ጎረቤቷም ይሰፋሉ። ስለዚህ ከ1 እስከ 5 ካሉት ነጥቦች «እንደ ሰው ነኝ» ብላ መካከለኛው 3 ላይ ታከብባለች። ድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ ለባጃጅ የጠፋ መለዋወጫ ከቁርጥራጭ ብረት የሚሠራ ተማሪም ያው ነው፤ ሥራ እንጂ ፈጠራ አይለውም። ሙያ በበዛበት ሰፈር ነጥቡ ዝቅ ይላል።

ቋንቋውም የራሱ ወጥመድ አለው። «ፈጣሪ ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ድፍረት ነው፤ «ፈጠራ» ደግሞ የውሸት ወሬም ስም ነው። «አዲስ ዘዴ ይመጣልኛል» ማለት ይሻላል፤ በአንደኛ መደብ ስለተጻፈም «አንተ» ወይስ «አንቺ» ይባል የሚለው ጣጣ ይቀራል፤ «አንተ» ብዙም በማያስቀይምባት ድሬዳዋ እንኳ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ በሚነገሩበት አካባቢ ግን ትርጉሙን በሌላ ሰው ወደ መነሻው ቋንቋ መልሶ ማስተርጎምና ማመሳከር ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ የክሮንባክ አልፋ የሚባለው የመጠይቅ አስተማማኝነት መለኪያ ይሰላል። አልፋው ከፍ ማለቱ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መግባባታቸውን ያሳያል፤ ተማሪው ስለራሱ እውነቱን መናገሩን አያሳይም። ጉረኛ ሁሉንም 5 ቢሞላ፣ ዓይን አፋሩም ሁሉንም 2 ቢያደርግ አልፋው ያምራል። በመጠይቅ ነጥብና በቶራንስ ዓይነት ፈተናዎች ውጤት መካከል ያለው ዝምድና ብዙ ጊዜ ደካማ የሆነውም በከፊል ለዚህ ነው። በመጠይቁ የሚለካው ተማሪው በችሎታው ላይ ያለው እምነት ነው ቢባል ይቀርባል፤ ይህም ራሱን ችሎ ሊጠና የሚገባው ነገር ነው። ችሎታውን የሚፈልግ አጥኚ ስፌቱንና የተጠገነውን ባጃጅ ሄዶ ማየት አለበት።