የማግኒዚየም ቅይጦችን ከጨዋማ ውሃ የሚከላከል ድቅል ሽፋን

ማግኒዚየም ለማሽን አካል ከሚውሉ ብረታ ብረቶች ሁሉ ቀላሉ ነው። አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትሩ 1.74 ግራም ይመዝናል፤ አሉሚኒየም 2.7፣ ብረት ደግሞ 7.8 ገደማ ነው። የሄሊኮፕተር ካምቢዮ ቤትና የመኪና መሪ አጽም ከማግኒዚየም ቅይጥ የሚሠሩት ለዚህ ነው። ጠላቱ ጨው ነው። ውሃ ሲነካው ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል፣ ሃይድሮጅንም ይወጣል። ይህ ሃይድሮክሳይድ በንጹህ ውሃ ውስጥ መጠነኛ ጥበቃ ይሰጣል፤ የጨው ክሎራይድ ግን ይበሳዋል።

ከሽፋኑ በፊት የቅይጡ ንጽህና ይታያል። ብረት፣ ኒኬልና መዳብ በትንሹም ቢገቡ እንደ ካቶድ (ራሱ ሳይሟሟ አጠገቡ ያለውን ብረት የሚያሟሟ የባትሪ ዋልታ) ሆነው ዙሪያቸውን ያስበላሉ። ኤዜድ-91ዲ በሚባለው የታወቀ ቅይጥ የሚፈቀደው ከፍተኛ የብረት መጠን 0.005 በመቶ፣ የኒኬል 0.002 በመቶ ነው። ቆሻሻ ቅይጥን የሚያድን ሽፋን የለም።

ድቅል የሚባለው ሽፋን ሲሊካንና (የብርጭቆ ዋና ንጥረ ነገር) ኦርጋኒክ፣ ማለትም ፕላስቲክ መሰል ሰንሰለትን በአንድ መረብ ያስተሳስራል። ሲሊካ ብቻውን ከአንድ ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ ሲያልፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ፕላስቲክ ብቻውን ደግሞ ከማግኒዚየሙ ጋር በደንብ አይያያዝም። ሁለቱ ሲጣመሩ ጥቂት ማይክሮን ውፍረት ሳይሰነጠቅ ይገኛል።

የተለመደው መንገድ ሶል-ጄል ነው፤ ሶል የሚባል ፈሳሽ ረግቶ ጄል፣ ከዚያም ጠጣር ሽፋን ይሆናል። ቴትራኤቶክሲሲሌንና የኢፖክሲ ቀለበት ያለው ሲሌን (ሁለቱም የሲሊከን ውህዶች ናቸው) በኤታኖልና በውሃ ውስጥ ይቀላቀላሉ፣ ትንሽ አሲድ ይጨመራል፣ ለሰዓታት ይማሰላል። ቁራጩ ቅባቱ ይወገዳል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል (ብናኙ ስለሚቀጣጠል እንዲጠራቀም አይተውም)፣ ከማንከባለል ወይም ከአሸዋ መንፋት የቀረው የብረት ርዝራዥ እንዲወጣ በአሴቲክ አሲድ ጥቂት ማይክሮን ይላጣል። ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል። ከዚያ ይነከራል፣ በእኩል ፍጥነት ይወጣል፣ አየር ላይ ትንሽ ቆይቶ በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለአንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይጋገራል።

አብዛኛው ብልሽት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሶሉ በጣም አሲዳማ ከሆነ ማግኒዚየሙን በመንከሪያው ውስጥ ሳለ ይበላዋል፤ የሚወጣው ሃይድሮጅን በእርጥቡ ሽፋን ውስጥ ቀዳዳ ይተዋል። አሲድነቱን መቀነስ ያግዛል፣ ግን ሶሉ ቶሎ ይረጋል። እያንዳንዷ ቀዳዳ የጨው መግቢያ ትሆናለች። በውስጧ ማግኒዚየሙ ሲሟሟ በአቅራቢያው ያለው ካቶድ አካባቢ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) ከ10 በላይ ይወጣል፤ እንዲህ ያለ አልካሊነት የሲሊካውን መረብ ይፈታል፣ ጋዙ ደግሞ ሽፋኑን ከስር ያነሳዋል። በማግኒዚየም ላይ ሽፋን የሚላቀቀው በአብዛኛው ከስር መሆኑ ከዚህ ይመጣል።

ስለዚህ ሶሉ ላይ ሴሪየም ናይትሬት የሚጨመርበት አሠራር አለ። ፒኤች በጨመረበት ቦታ የሴሪየም ሃይድሮክሳይድ ይዘቅጥና ካቶዱን ይደፍናል። መጠኑ ሲበዛ ግን መረቡን ያላላል፣ ሽፋኑም ገና ከመጀመሪያው ውሃ ያስገባል።

ባሕር ላይ ለሚሠራ አካል የተሻለው ምርጫ ድርብ ሽፋን ነው። በመጀመሪያ ፕላዝማ ኤሌክትሮሊቲክ ኦክሲዴሽን ይደረጋል፦ ቁራጩ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድና በሶዲየም ሲሊኬት መፍትሔ ውስጥ ሆኖ በመቶዎች ቮልት ፍንጣሪ ይቀበላል፣ ላዩም ጠንካራ ሴራሚክ ይሆናል። ሴራሚኩ ባለ ቀዳዳ ስለሆነ ለብቻው አይበቃም፤ ሶል-ጄሉ ቀዳዳዎቹን ይሞላል፣ በላዩ የኢፖክሲ ቀለም ይደረባል።

ለፍተሻ 5 በመቶ ሶዲየም ክሎራይድ በ35 ዲግሪ የሚረጭበት ሣጥን በሰፊው ይሠራበታል። ቀላልና ታማኝ ዘዴ ግን ናሙናውን በ3.5 በመቶ ጨዋማ ውሃ ነክሮ የሚወጣውን ጋዝ በተገለበጠ ቢሬት (መለኪያ ምልክት ያለው ቀጭን የመስታወት ቱቦ) መሰብሰብ ነው፤ አንድ ሚሊ ሊትር ሃይድሮጅን የአንድ ሚሊ ግራም ማግኒዚየም መሟሟት ማለት ነው።

ሽፋኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የብረት ብሎን ሲታሰር የተቧጨረው ጠርዝ በፍጥነት ይበላል። ቢኤምደብሊው በ2004 ያወጣው የማግኒዚየም ብሎክ ያለው ኢንጂን በአሉሚኒየም ብሎኖች የታሰረውም ለዚህ ነው። የብረት ብሎን ግዴታ ሲሆን ከጭንቅላቱ ስር ሰፋ ያለ የአሉሚኒየም ሮንዴላ ይደረጋል፣ መጋጠሚያው በማሸጊያ ይታሸጋል፣ ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ ቦታም አይተውም።