ሴሚ ሆሎው ጊታር ምንድን ነው? በአነስተኛ ገንዘብ የሚገዛ ሰውስ ምኑን ማየት አለበት?

ሴሚ ሆሎው ጊታር ማለት ግራና ቀኝ ጎኑ ውስጡ ክፍት ሆኖ፣ በመሃሉ ግን ከአንገቱ ሥር እስከ ታችኛው ጫፍ ድረስ ድፍን እንጨት የተጋደመበት የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ፊቱ ላይ የላቲኑን ኤፍ ፊደል የሚመስሉ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት፤ ሳጥኑም ከተለመደው ድፍን የኤሌክትሪክ ጊታር ሰፋ፣ ከአኩስቲክ ጊታር ደግሞ ሳሳ ያለ ነው። ብዙ ሰው ጊታሩን የሚለየው በእነዚህ ቀዳዳዎች ቢሆንም ጠባዩን የሚወስነው ከውጭ የማይታየው የመሃሉ እንጨት ነው። ስለዚህ ጎንደር ሆኖ፣ በብዙ ድካም ባጠራቀመው ገንዘብ አንድ ሴሚ ሆሎው ለመግዛት የሚያስብ ወጣት ከቀለሙና ከስሙ አስቀድሞ ስለዚህ እንጨት ማወቅ ይገባዋል እላለሁ።

እንጨቱ እዚያ የገባው በምክንያት ነው። ከመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ጊታሮች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ የአሜሪካው ጊታር አምራች ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1936 ያወጣው ኢኤስ 150፣ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ማግኔትና ጥቅል ሽቦ) የተገጠመላቸው ባዶ ሳጥኖች ነበሩ። ማሲንቆ ሲጫወት በቅርብ ያየ ሰው እንደሚያውቀው የክሩ ንዝረት በሳጥኑ ላይ የተወጠረውን ቆዳ ያንቀጠቅጠዋል፤ ድምፁም ጉልበት የሚያገኘው ከዚያ ነው። ባዶ ሳጥን ያለው ጊታርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ችግሩ ግን ነገሩ ወደ ኋላም መሥራቱ ነው። ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ የጊታሩን ፊት ያንቀጠቅጠዋል፣ ፊቱ ክሩን ያንቀጠቅጣል፣ ፒክአፑ ያንኑ ንዝረት ይዞ መልሶ ወደ ድምፅ ማጉያው፣ ወደ አምፑ ይልካል፣ አምፑም አጉልቶ እንደገና በስፒከሩ ያወጣዋል። ዙሩ እየተደጋገመ ሲሄድ ፊድባክ የሚባለው፣ ማንም ያልተጫወተው ረጅም ጩኸት ይፈጠራል። ሙዚቃ እየጎላ፣ አዳራሽ እየሰፋ ሲሄድ ባዶ ሳጥን የያዘ ጊታሪስት ከመሣሪያው ጋር መታገሉ የማይቀር ሆነ።

ሌስ ፖል የተባለው አሜሪካዊ ጊታሪስት እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ አንድ ድፍን የፓይን እንጨት ላይ ክርና ፒክአፕ ገጥሞ፣ ጊታር እንዲመስል ብቻ ከሌላ ጊታር የተቆረጡ ሁለት ክንፎች አያይዞ ሞክሮት ነበር። ነገሩ ለገበያ በሚበቃ መልክ የተሠራው ግን በቴድ ማካርቲ የሚመራው ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1958 ኢኤስ 335 የተባለውን ጊታር ሲያወጣ ነው። ሳጥኑ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋትና ከ4 ሴንቲ ሜትር እምብዛም ያልበለጠ ውፍረት ነበረው፤ በመሃሉም የሜፕል እንጨት ገባበት። ዛሬ ሴሚ ሆሎው ተብለው ከሚሸጡት ርካሽ ጊታሮች አብዛኞቹ የዚያ ጊታር ቅጂዎች ናቸው።

የመሃሉ እንጨት ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ ክሮቹን ፊቱ ላይ የሚደግፈው ብሪጅና ፒክአፖቹ የሚያርፉበትን የፊቱን መሃል ያጠነክረዋል፤ ስለዚህ ስፒከሩ በቀላሉ አያንቀጠቅጠውም። ሁለተኛ የክሩ ጉልበት ቶሎ ወደ ሳጥኑ ፈስሶ እንዳያልቅ ስለሚያግድ ድምፁ ረዘም ብሎ ይቆያል። ክፍት የሆኑት ጎኖች ደግሞ ጣት ክሩን በነካበት ቅጽበት ድፍን ጊታር የማይሰጠውን አየር የተቀላቀለበት ለስላሳ ድምፅ ይጨምራሉ። ይህን ሳያጋንኑ መናገር ያስፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ትልቁ ድርሻ የፒክአፑ፣ የአምፑና የተጫዋቹ እጅ ነው። ቢሆንም በአንገት በኩል ያለውን ፒክአፕ መርጦ፣ የድምፁን ቅጥነት የሚቆጣጠረውን ቶን የተባለ ማዞሪያ ትንሽ ቀነስ አድርጎ ትዝታን በዝግታ ለሚጫወት ሰው ልዩነቱ ከጣቱ ሥር ይታወቀዋል።

ጎንደር ለዚህ ጊታር ምቹም አስቸጋሪም የሆነ ከተማ ነው። በጠባብ ቤት ውስጥ ከማሲንቆና ከክራር ጎን ሆኖ ለሚያጅብ ሰው የሴሚ ሆሎው ለስላሳነት ከባህል መሣሪያዎቹ ጋር ይስማማል፤ ማሲንቆም ሆነ ይህ ጊታር ጉልበታቸው መሃለኛው የድምፅ ክልል ላይ ስለሆነ ግን እንዳይደራረቡ ጊታሪስቱ በአምፑ ላይ መሃለኛውን ድምፅ መቀነስ ይኖርበታል። በጥር ሠርግ ዳስ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትልልቆቹ ስፒከሮች ከተጫዋቹ ጀርባ ወይም ጎን በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ይደረደራሉ፣ ዲጄውም ድምፁን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ መሃሉ ላይ እንጨት የሌለው ጊታር በዚያ ቦታ አንድ ዘፈን እንኳ በሰላም ላያስጨርስ ይችላል።

እዚህ ላይ ገዢ በቀላሉ የሚታለልበት ነገር አለ። የኤፍ ቀዳዳ ያለው ጊታር ሁሉ ሴሚ ሆሎው አይደለም። ኤፒፎን ካዚኖ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የሚታወቅ ድንቅ ጊታር ነው፤ መልኩም ከኢኤስ 335 ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ውስጡ ሙሉ በሙሉ ባዶ ነው። የኢባኔዝ ኤኤፍ 55ም እንዲሁ ባዶ ነው፤ ከግሬች ስትሪምላይነር ጊታሮች መካከል ጂ 2420 ባዶ ሲሆን ጂ 2622 የመሃል እንጨት አለው። ሻጩ ራሱ ልዩነቱን ላያውቀው ስለሚችል ቃሉን ብቻ ማመን አይበቃም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የስልክን መብራት አብርቶ አንደኛው የኤፍ ቀዳዳ ላይ መደገን፣ ክፍሉንም ጨለም አድርጎ ሌላኛውን ቀዳዳ መመልከት ነው። ብርሃኑ በዚያኛው በኩል ወለል ብሎ ከወጣ ውስጡ ባዶ ነው። ካልወጣና ዓይንን ወደ ቀዳዳው አስጠግተው ሲያዩ ከአንገቱ ወደ ታች የሚሄድ የእንጨት ግድግዳ ከታየ እውነተኛ ሴሚ ሆሎው ነው። ጥቂት ብርሃን በአንድ ጥግ ብቻ ሾልኮ ከወጣ እንጨቱ ለሽቦ ማሳለፊያ የተቆረጠ ወይም ከብሪጁ ሥር ብቻ ያለ አጭር ቁራጭ ሊሆን ይችላልና የት ድረስ እንደሚሄድ በደንብ መታየት አለበት። በጣት አንጓ ፊቱን ማንኳኳትም ይረዳል፤ ጎኑ ላይ ባዶ ድምፅ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ የታፈነና አጭር ድምፅ ይሰማል። ክሮቹ የሚታሰሩበት ብረት ፊቱ ላይ በሁለት ወፍራም ብሎኖች ከተተከለ ከሥሩ እንጨት መኖሩን የሚያመለክት ጥሩ ምልክት ነው፤ ብረቱ ከጊታሩ ታችኛው ጫፍ ተንጠልጥሎ የመጣ ከሆነ ግን ባዶ ነው ብሎ ለመደምደም አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ኢኤስ 335 ራሱ በዚያ መልክ ተሠርቷልና። በቴሌግራም ፎቶ አይቶ ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ ሰው የመብራቱን ሙከራ በቪዲዮ ቀርጾ እንዲልክለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ርካሽ የሚባሉት እነማን ናቸው? ጊብሰን ራሱ የሚሠራው አዲስ ኢኤስ 335 ከ3,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ስለሚጠይቅ ከዚህ ጽሑፍ ውጭ ነው። ከ300 እስከ 700 ዶላር ባለው ክልል ግን ስኩዌር አፊኒቲ ስታርካስተር፣ ኢባኔዝ ኤኤስ 73፣ ግሬች ጂ 2622ና የኤፒፎኑ ኢኤስ 335 ይገኛሉ፤ ከእነዚህ ስታርካስተሩ ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛው፣ ኤፒፎኑ ደግሞ ከፍ ያለው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የእነዚህ ዕቃዎች የብር ዋጋ ብዙዎቻችንን የሚያስደነግጥ ሆኗል፤ ለዚህም ነው ያገለገለ ጊታር ፈልጎ በጥንቃቄ መመርመር እንደ ሁለተኛ ደረጃ ምርጫ መታየት የሌለበት።

ርካሽ ስለሆነ ሳጥኑ ከኮምፔርሳቶ ተሠርቷል ብሎ መናቅ ግን ስህተት ነው። የ1958ቱ ጊታርም ሳጥኑ በንብርብር ከተጣበቀ ስስ እንጨት ነበር፤ ንብርብሩ ፊቱን ጠንካራና ለአየር ለውጥ ቻይ ያደርገዋል። ዋጋው የሚቀንሰው በሌላ ቦታ ነው፤ አንገቱ ላይ በተተከሉት ብረቶች (በፍሬቶቹ) አጨራረስ፣ ክሮቹ ከአንገቱ ራስ ሥር በሚያልፉበት ባለ ጎድጓዳ ቁራጭ (በነቱ) አቆራረጥ፣ በመቃኛ ቁልፎቹ ጥራት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በውስጡ ባለው ሽቦ።

ስለ ሽቦው ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ገዢዎች ጨርሶ አያዩትም። ድፍን ጊታር ላይ ኬብሉ የሚሰካበት የጃኩ ሽቦ ቢበጠስ ከኋላ ያለውን የፕላስቲክ ክዳን ፈትቶ በአሥር ደቂቃ መበየድ ይቻላል። በአብዛኞቹ ሴሚ ሆሎው ጊታሮች ግን የኋላ ክዳን የለም። ቮልዩሙ፣ ቶኑ፣ የፒክአፕ መምረጫውና ጃኩ ሁሉም የገቡትም የሚወጡትም በኤፍ ቀዳዳው ነው። ጠጋኙ እያንዳንዱን ዘንግ በክር አስሮ ወደ ውስጥ ይለቀዋል፣ በቀዳዳው ያወጣዋል፣ ይበይደዋል፣ ከዚያም ክሩን እየሳበ ዘንጉን ወደ ቀድሞ ቦታው ይመልሰዋል፤ ክሩ ከተበጠሰ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ጎበዝ ባለሙያ ብየዳውን ያውቀዋል፣ ይህን የማውጣትና የማስገባት ሥራ ግን ካልለመደው ቀዳዳውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ጊታሩን አምፕ ላይ ሰክቶ እያንዳንዱን ማዞሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማዞር፣ መምረጫውን ደጋግሞ መመለስ፣ ኬብሉን ጃኩ ላይ በቀስታ ማወዛወዝ ያስፈልጋል። የሚንኮሻኮሽ ወይም የሚቆራረጥ ድምፅ ካለ ከዋጋው ላይ የሚቀነስ ትልቅ ነገር ነው። ጃኩን የያዘው ብሎን ከላላም ወዲያውኑ መጥበቅ አለበት፤ ሲጠብቅም ጃኩ አብሮ እንዳይዞርና ሽቦውን ጠምዝዞ እንዳይበጥሰው ከሥሩ ይዞ ነው።

ቀጥሎ አንገቱ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ስትሆን ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት የበጋ ወራት አየሯ ይደርቃል። እንጨት እርጥበቱን ሲያጣ ይሸማቀቃል፣ ብረት ግን አይሸማቀቅም፤ ስለዚህ የፍሬቶቹ ጫፎች ከአንገቱ ጠርዝ ወጥተው እጅ መቧጨር ይጀምራሉ። መዳፍን በአንገቱ ሁለት ጠርዞች ላይ ከላይ እስከ ታች ማንሸራተት ይህን ወዲያው ያሳያል። ጥቂት ከሆነ በጥሩ ሞረድ የሚስተካከል ነው፤ ጊታሩን ግድግዳ ላይ ከመስቀል ይልቅ በቦርሳው ውስጥ፣ በተበሳሳ የሳሙና ዕቃ ከተደረገ እርጥብ ስፖንጅ ጋር ማስቀመጥም ይከላከለዋል። ክረምት ሲገባ ስፖንጁ ይወጣል።

ቅኝቱንም በጆሮ መፈተሽ ይገባል። ክሩን ክፍቱን ከቃኙ በኋላ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ መምታትና በዚያው ቦታ ሳይጫኑ ነካ አድርገው ከሚወጣው ቀጭን ድምፅ ጋር ማወዳደር ነው፤ ሁለቱ ካልገጠሙ በብሪጁ ብሎን ይስተካከላል። በአምባሰልና በአንቺሆዬ ውስጥ ያሉት ጠባብ የግማሽ ድምፅ ርቀቶች ትንሽ መዛነፍ እንኳ ስለሚያጋልጡ የእኛ ሙዚቃ በዚህ ረገድ ምሕረት የለውም። ክሩ ሲሳብ ነቱ ላይ እየተያዘ ቅኝቱን የሚያበላሽ ከሆነ የእርሳስ ጫፍ በጎድጓዳው ውስጥ ማሸት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ፒክአፕን በተመለከተ ሁለት ጥቅል ሽቦ ያለውን ሃምበከር እመክራለሁ። ሁለቱ ጥቅሎች ከመብራት መስመር የሚመጣውን የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ እርስ በርስ ያጠፋፉታል፤ የመሬት መስመር (ኧርዝ) በሌለው ሶኬትና በጄኔሬተር ለሚጫወት ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ባለ አንድ ጥቅሉ ፒክአፕ የራሱ ውበት ቢኖረውም በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ጩኸቱን ይዞ ይመጣል።

ያገለገለ ጊታር ከሆነ የአንገቱ ራስ፣ መቃኛ ቁልፎቹ ያሉበት ቦታ ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበት ሥፍራ፣ ከኋላ በኩል በብርሃን መታየት አለበት። በኤፒፎን ዓይነቶቹ ላይ ራሱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ሲወድቅ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው፤ በሙጫ ተጠግኖ በቀለም የተሸፈነ ስንጥቅ እንደ ቀጭን ፀጉር ሆኖ ይታያል። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ የሚመጣ ጊታር ክሩ ትንሽ ላላ ተደርጎ፣ ራሱም ከሥሩ በጨርቅ ተደግፎ በጠንካራ ሳጥን መጫን ይኖርበታል።

ዋና ፍላጎቱ ከባድ ዲስቶርሽን (ሆን ተብሎ የተሻከረ የጊታር ድምፅ) እና ከፍተኛ ድምፅ የሆነ ሰው በዚሁ ገንዘብ ድፍን ጊታር ቢገዛ ይሻለዋል፤ የመሃሉ እንጨት ፊድባክን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። በሌላ በኩል መብራት ጠፍቶ በሚያመሽበት ሰፈር ለሚለማመድ ሰው ሴሚ ሆሎው ያለ አምፕም ለራስ የሚበቃ ድምፅ ያወጣል። ያለውን ገንዘብ በሙሉ ለጊታሩ ማዋልም አይገባም፤ ቢያንስ ሲሶው ለአምፕ መቀመጥ አለበት። አምፑ ከአሜሪካ ከመጣ በ120 ቮልት የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል ከኋላው የተጻፈውን ሳያነቡ፣ ካስፈለገም የሚቀንስ ትራንስፎርመር ሳያዘጋጁ 220 ቮልት ሶኬት ላይ መሰካት ያቃጥለዋል።