የካምቢዮ ዘይት ከተቀየረ በኋላ የሚታይ ፍሳሽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአውቶማቲክ ካምቢዮውን ዘይትና ፊልትሮ በገዛ እጁ የቀየረ ሰው በማግስቱ መኪናው ስር ቀይ ጠብታ ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የሚያሳዝነው ግን በድንጋጤው የሚወስደው እርምጃ ብዙ ጊዜ ቀላሉን ፍሳሽ ወደ ከባድ ጥገና የሚለውጥ መሆኑ ነው።

«ቡሎኖቹን ይበልጥ ማጥበቅ ፍሳሹን ያቆመዋል።»

ከሁሉም የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ አመለካከት ነው። በካምቢዮው ሆድ ስር የሚታሰረው የዘይት ሳህን በአብዛኛው ከስስ ቆርቆሮ የተሠራ ሲሆን ቡሎኖቹም ትንንሽ ናቸው። የጎማ ቡሎን 100 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) አካባቢ ሲጠብቅ፣ ለሳህኑ ቡሎኖች በብዙ መኪኖች ላይ የሚፈለገው ግን 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ትክክለኛው ልክ በየመኪናው የጥገና መመሪያ ላይ ይገኛል። ከልኩ በላይ ሲጠብቅ በቡሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ቆርቆሮ ወደ ላይ ያብጣል፣ በሁለት ቡሎኖች መካከል ያለው ጠርዝ ደግሞ ከካምቢዮው ይርቃል፣ በሳህኑና በካምቢዮው መካከል ገብቶ ዘይት እንዳያልፍ የሚያደርገው ጓርኒሲዮንም ተጨፍልቆ ወደ ውጭ ይወጣል ወይም ይሰነጠቃል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር ክፍተቱ ይሰፋል እንጂ አይዘጋም።

ይህን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። ሳህኑን አውርዶ ጠርዙን ካጸዱ በኋላ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በጠርዙ ላይ አጋድሞ ከኋላ በኩል ባትሪ ማብራት ነው፤ ማስመሪያው በቀዳዳዎቹ ጉብታ ላይ ተንጠልጥሎ በመካከል ብርሃን ካሳለፈ ጠርዙ ተጣሟል ማለት ነው። የቆርቆሮ ሳህን ከሆነ ጓርኒሲዮኑ የሚያርፍበትን ፊት ወደ ላይ አድርጎ፣ ጠርዙን ከስሩ በጠንካራ ጠፍጣፋ እንጨት ደግፎ፣ ጉብታዎቹን በመዶሻ ቀስ እያሉ እየመቱ ማስተካከል ይቻላል። ከአሉሚኒየም የተቀለጠ ሳህን ግን መዶሻ ስለማይችል መቀየር አለበት። ሲገጠም ሁሉም ቡሎኖች በመጀመሪያ በእጅ ይገባሉ፤ ከዚያ ከመሃል ተነስቶ ወደ ዳር፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ልክ በሚያሳይ ቁልፍ) ማጥበቅ ነው።

«ሲሊኮን በብዛት ከተቀባ አያፈስም።»

ከልክ ያለፈ ሲሊኮን ሲጨመቅ ወደ ውስጥም ይወጣል፤ ተቆርጦ የወደቀው ቁራጭ ፊልትሮውን ሊደፍን ወይም ጠባብ የዘይት መተላለፊያዎችን ሊዘጋ ይችላል። አምራቹ በጓርኒሲዮን ፈንታ የሚቀባ ማሸጊያ ያዘዘባቸው ካምቢዮዎች አሉ፤ በእነዚያም ቢሆን የታዘዘው ዓይነት በቀጭኑ ተቀብቶ እስኪደርቅ ይጠበቃል። በጎማ ወይም በቡሽ ጓርኒሲዮን ላይ መጨመር ግን ብዙ ጊዜ ጓርኒሲዮኑ እንዲንሸራተት ከማድረግ ያለፈ ጥቅም የለውም። በሁለቱም ፊቶች ላይ የተረፈ የአሮጌ ጓርኒሲዮን ቅሪት አዲሱ ጓርኒሲዮን በደንብ እንዳያርፍ ስለሚያደርግ፣ ብረቱን ሳይጭሩ ፈጽሞ ማጽዳት ከማንኛውም ማሸጊያ ይበልጣል።

«ጠብታው ከሳህኑ ላይ ስለሆነ የሚያፈሰው ሳህኑ ነው።»

ዘይት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድም ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ሳህኑ ደግሞ የሁሉም ዝቅተኛ ቦታ ነው። የዘይት መለኪያው ቱቦ የጎማ ቀለበት፣ የማርሽ መምረጫው ዘንግ ማሸጊያ፣ ወደ ራዲያተር የሚሄዱት ቱቦዎች መጋጠሚያ፣ ሁሉም ጠብታቸውን በሳህኑ ጠርዝ ላይ ያሳርፋሉ። ማፍሰሻ ቡሎን ካለ ደግሞ አሮጌው ሮንዴላ (ከቡሎኑ ራስ ስር የሚገባው ቀለበት) ተመልሶ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሥራው ሲሠራ በሻሲው ላይ የፈሰሰ ዘይት እንኳ ለቀናት ሊንጠባጠብ ስለሚችል፣ ምንም ከመነካቱ በፊት አካባቢውን በሙሉ አጥቦ ማድረቅ፣ ጥቂት መንዳት፣ ከዚያም በባትሪ ከላይ ጀምሮ የመጀመሪያውን እርጥበት መፈለግ ይገባል። ከስር የሚገባው መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መቆሚያ ላይ ሲያርፍ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፤ የዘይቱ መብዛት ራሱ ያስፈስሳል። የበዛ ዘይት በሚሽከረከሩት ክፍሎች ተመትቶ አረፋ ይሆንና በካምቢዮው የአየር መተንፈሻ ይወጣል፣ ከዚያም በጎን ወርዶ የሳህን ፍሳሽ ይመስላል። በአብዛኞቹ ካምቢዮዎች ልኩ የሚታየው ሞተሩ እየሠራና ዘይቱ ሞቆ ስለሆነ፣ ሞተር አጥፍቶ በቀዝቃዛው መለካት ያሳስታል። መለኪያ ዘንግ የሌላቸው ደግሞ አምራቹ በወሰነው ሙቀት ትርፉን በሚያፈስሰው ቀዳዳ ይለካሉ።

«ፍሳሽ የሚያቆም ፈሳሽ መጨመር ይበቃል።»

እንዲህ ያለው ፈሳሽ የሚሠራው የደረቀ ጎማን በማለስለስና በማሳበጥ ነው። የተጣመመ ቆርቆሮን አያቃናም፣ የተሰነጠቀ ጓርኒሲዮንንም አይጠግንም።

«ጥቂት ጠብታ ስለሆነ ይቆይ።»

ዘይቱ ሲቀንስ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ በውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች (እርስ በርስ ተጣብቀው ኃይል የሚያስተላልፉት ዲስኮች) ይንሸራተቱና ይቃጠላሉ፤ በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ሳህኑ እንደገና ሲወርድ የሚወጣውን ዘይት በንጹሕ ዕቃ ተቀብሎ መለካት፣ መጀመሪያ ያንኑ ያህል አዲስ ዘይት መሙላት፣ ቀሪውን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በመለኪያው እያዩ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ነው።