ቡል ትራውት፦ በስህተት የሚጠመደው ዓሣ

ቡል ትራውት በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ፣ በቀዝቃዛ የተራራ ወንዞች የሚኖር ዓሣ ነው። በሞንታና፣ በአይዳሆ፣ በኦሪገንና በዋሽንግተን፣ እንዲሁም በካናዳዎቹ አልበርታና ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ይገኛል። ከኬንያ መጥቶ የባሌ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀው ትራውት ዘመዱ ነው። ቡል ትራውት በካሊፎርኒያ ጭራሽ ጠፍቷል። በቀሩት የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ሥር ነው።

ድሮ የሚያዝንለት አልነበረም። የሳልመንና የሌሎች ትራውቶችን ጫጩት ይበላል ተብሎ እንደ ሌባ ይታይ ነበር። ገድሎ ላመጣ ገንዘብ የተከፈለበት ጊዜም አለ። ለመመናመኑ ዋናዎቹ ምክንያቶች ግድቦች፣ የደን ጭፍጨፋ፣ የውሃ መሞቅና ከሌላ ቦታ የመጡ ዓሦች ናቸው። እውነቱን ለመናገር አጥማጁ ከነዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ግን ዓሣው በተመናመነበት ወንዝ ላይ፣ ለመራባት የደረሰች አንዲት ትልቅ ዓሣ በስህተት መጥበሻ ውስጥ ስትገባ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከመመሳሰል ነው። ብሩክ ትራውት የሚባለው፣ ከምሥራቅ አሜሪካ አምጥተው የለቀቁት ዘመዱ፣ ቁርጥ እሱን ነው። ይባስ ብሎ ሁለቱ ይዳቀላሉ፤ ዲቃላዎቹ ግን ዘር የመተካት አቅማቸው ደካማ ነው። በዚህም የተነሳ በብዙ ቦታ ብሩክ ትራውትን እንደ ልብ አጥምዶ መብላት ይፈቀዳል። እንግዲህ ጣጣው እዚህ ላይ ነው፦ አንዱን ብላ ተብለሃል፣ መንትያ የሚመስለውን ከነካህ ትቀጣለህ።

መለያው የጀርባ ክንፉ ነው። የብሩክ ትራውት ክንፍ ላይ ጥቁር የተጠማዘዙ መስመሮች አሉ። የቡል ትራውት ክንፍ ግን ጥቁር ነገር የለበትም። ገላው ላይ ያሉት ነጠብጣቦችም ፈዘዝ ያሉ ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ናቸው። ለአጥማጆች የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ክንፉ ላይ ጥቁር ከሌለ መልሰው። ሲመሽና ዓሣው ትንሽ ሲሆን ይህም ያምታታል። ያኔ መልቀቅ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

መለየት ብቻ ግን አያድንም። ቡል ትራውት ዓሣ በል ስለሆነ፣ አጥማጁ ሌላ ትንሽ ትራውት እየጎተተ ሳለ ድንገት ከሥር መጥቶ ያንኑ ይነክሳል። ሰውዬው ሳያስበው ሁለት ዓሣ ይይዛል። እዚህ ላይ መታገል አያስፈልግም፤ ክሩን ላላ ሲያደርጉለት ብዙ ጊዜ ራሱ ይለቃል። በትል ሲጠመድ ደግሞ መንጠቆውን እስከ ጉሮሮው ይውጠዋል። ያን ጎትቶ ከማውጣት ክሩን አፉ ጋ ቆርጦ መልቀቅ ይሻላል። መንጠቆው ጫፍ ላይ ያለችውን ወደ ኋላ የዞረች ሹል በፒንሳ ጨፍልቆ ማስተኛትም ጥሩ ዘዴ ነው፤ በቀላሉ ይወጣል። በደረቅ እጅ መያዝ ገላውን የሸፈነውን ዝልግልግ ነገር ስለሚገፍፍ፣ መጀመሪያ እጅን ማርጠብ ያስፈልጋል።

በዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትል አካባቢ የሚያጠምዱ ሐበሾችም ሊያውቁት የሚገባ ሕግ አለ። የያዙትን ለራስ ማስቀረት በማይፈቀድበት ወንዝ ላይ ቡል ትራውትን ሙሉ በሙሉ ከውሃ ማውጣት ክልክል ነው። ስለዚህ ዓሣውን ከፍ አድርጎ ፎቶ መነሳት የለም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ጉዳት በእግር የሚደርሰው ነው። ቡል ትራውት በመስከረም አካባቢ የወንዙን ጠጠር ቆፍራ እንቁላሏን ትቀብራለች። እንቁላሉ የአካባቢውን የቅዝቃዜ ወራት ሙሉ እዚያው ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሞንታና ውስጥ በሌሎች የትራውት ዝርያዎች ላይ የወጣ ጥናት፣ እንቁላሉ ሊፈለፈል ሲል አንዴ በላዩ መራመድ ብቻ እስከ 43 በመቶውን ሊገድል እንደሚችል አሳይቷል። በዙሪያው ካለው ጠጠር ይልቅ ንጹህና ፈካ ያለ ጠጠር ከታየ፣ ዞር ብሎ ማለፍ ነው።

በበጋ ሙቀት ሲበረታ ሞንታና ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድን ትከለክላለች። ለሌሎቹ ትራውቶች መነሻው ውሃው ለሦስት ተከታታይ ቀናት ወደ 23 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ነው። ለቡል ትራውት ግን 16 ዲግሪ ገደማ ይበቃል።